አንድ ጊዜ ነው የነካሁት

አክስቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታለች። እኔንም ያሳደገችኝ በዚያው መርፌ ነው። ስትለካው ሆዱን የሚስብ ደንበኛ አይሆንላትም፤ «ልቀቀው፤ ሳትተነፍስ ነው እንዴ የምትለብሰው?» ትለዋለች። ሰዉ ይስቃል፣ ተመልሶም ይመጣል።

በኋላ ዓይኗን ሞራ ጋረዳት። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል ብሎ ቀን ቆረጠላት፤ እሷም በስልኳ የክሊኒኩን ድረ ገጽ ከፍታ «እመጣለሁ» የሚለውን ቁልፍ መንካት ነበረባት። ቁልፉ እንደገና ከተነካ ቀጠሮው ይሰረዛል። ያንን ድረ ገጽ የሠራው እኔ የምሠራበት ድርጅት ነው።

ቀጠሮውን የሚያሳየው ሳጥን ደግሞ የራሴ የእጅ ሥራ ነው። ሳጥኑ ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ተሰናድቶ ወደ ገጹ ሲመጣ፣ ቁልፉ ሲነካ ሰምቶ የሚመዘግበውን የትእዛዝ ጽሑፍ፣ ማለትም የስክሪፕት ፋይሉን፣ ራሱ ያስጭናል። የትም ገጽ ላይ ቢያስቀምጡት ይሠራል። «ጓዙን ጠቅልሎ የሚመጣ እንግዳ» እያልኩ በስብሰባ ላይ ስንት ጉራ ነዝቼበታለሁ!

ከዚያ ስሞታ መጣ። ቀጠሯችን በራሱ ተሰረዘ የሚሉ በዙ፤ ሁሉም በዕድሜ የገፉ ናቸው። እኔ ሆዬ ፋይሉን እንኳ ሳልከፍት፣ «እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሁለቴ ይነኩታል» አልኩ። አለቃዬ ሳቀች። ስልክ የምትቀበለው ባልደረባችንም ለሚደውሉት ሁሉ ይህንኑ ትነግራቸው ጀመር።

የአክስቴም ቀጠሮ ተሰረዘ። ቀጣዩ ክፍት ቀን ከአራት ወር በኋላ ነበር።

«አንድ ጊዜ ነው የነካሁት» አለችኝ።

«እቴቴ፣ ሳይታወቅሽ ሁለቴ ነክተሽው ነው። እጅሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜ ነው እንግዲህ።»

እጇን ወደ ፊቷ አስጠግታ አገላብጣ አየችው። «ካልክ ይሆናል» አለች። እኔም አስረዳኋት ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ነገር ላስተካክል ብዬ የእሷን ገጽ ከፈትኩ። ሁለት ቀጠሮ አላት፤ አንዱ የዓይን፣ አንዱ የደም ግፊት። ስለዚህ ሁለት ሳጥን አለ፤ ሁለቱም ያንኑ ፋይል አስጭነዋል፤ ፋይሉ ደግሞ ገጹ ላይ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ይሰማል። አንዷን ንክኪ ሁለት ጆሮ ሰማት ማለት ነው፤ አንደኛው «ትመጣለች» ብሎ መዘገበ፣ ሁለተኛው እዚያው ሰረዘ። እኔ ስሞክረው ምንጊዜም በአንድ ቀጠሮ ነበር። ሽማግሌዎቹን የጎዳቸው እጃቸው አይደለም። በሽታቸው ከአንድ በላይ ስለሆነ ነው።

ፋይሉ በአንድ ገጽ ላይ አንዴ ብቻ እንዲጫን ማድረግ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አሥር ደቂቃ! እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ካሳደገችኝ ሴት ይልቅ የጻፍኩትን ኮድ ማመኔ አሳፈረኝ። ለአለቃዬ ተናገርኩ፤ ቀጠሯቸው ለተሰረዘባቸው ሁሉ ይቅርታ እንዲጻፍላቸው ተስማማን። ለአክስቴ ግን በደብዳቤ አይሆንም ብዬ ቤቷ ሄድኩ።

«እቴቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ጊዜ ነው የነካሽው። እጅሽ ምንም አልሆነም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ በቀለለኝ።

«እስቲ ድገመው» አለች።

ደገምኩት።

«ዓይኔ እስኪበራ ብዬ ያስቀመጥኩትን የሰው ጨርቅ እኮ መለስኩት» አለች ቀስ ብላ። «እጄ ከተንቀጠቀጠ ዓይኔ ቢበራ ምን ዋጋ አለው አልኩና፣ በየቤታቸው ዞሬ፣ ከእንግዲህ አልችልም ብዬ በገዛ አፌ ነገርኳቸው።»

ስንት ቤት እንደዞረች ለመጠየቅ አፈርኩ።