በርካሹ ሰዓት

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ «ሜጋ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የሒሳብ ክፍሉ ሹም ነው። አንድ ቀን ሹሙ በምሳ ሰዓት ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፎ ኳስ ሲያይ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ይኸው ኮምፒውተር ጠጋኝ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ይቺ ጎል ብቻዋን ስንት ሜጋ እንደበላችብህ ታውቃለህ?» አለው። ከዚያ ወዲህ ሹሙ ኳስ ሊያይ በተቀመጠ ቁጥር «ሜጋ፣ ዞር በልልኝ፤ በሰላም ልይበት» ይላል። እሱ በቅጽል ስሙ አይቀየምም። ሰው የሚበላውን ሳያውቅ እንዴት ይበላል ባይ ነው።

የሚሠራው በአንድ የመድን ድርጅት ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው። ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። እሱ በቀለም መቀቢያ ብሩሽ አቧራቸውን እየጠረገ፣ ለሚመጣው ሰው ሁሉ እምነቱን ይነግራል። ኮምፒውተር አያረጅም፤ የሚያስረጀው ባለቤቱ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ፋይል እንደሌለ ይቆጠራል፤ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ደግሞም መሣሪያ የአንዱን ሰው ነገር ይዞ ወደ ሌላ እጅ አይሄድም። ከድርጅቱ የሚወጣ ማሽን ሁሉ በእሱ እጅ ተጠርጎ፣ እንደገና ተጠርጎ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢፈልግ ምንም አያገኝበትም። በዚህ ይኮራል።

ቤቱም በዚሁ እምነት ነው የሚተዳደረው። ድርጅቱ ሊጥላቸው ካወጣቸው ማሽኖች አንዱን አስፈቅዶ ወስዶ፣ ትልልቅ ዲስኮች ገጥሞበት ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦታል። ፊልም፣ የትምህርት ቪዲዮ፣ የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። ቀንም ሌሊትም እንደ ጠገበ ድመት ያንኮራፋል። «ጎተራው» ያለችው ሚስቱ ናት። ጎተራውን የሚሞላው ጎህ ሳይቀድ ባሉት ሁለት ሰዓታት ነው፤ ያኔ የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋው ግማሽ ይሆናል። ከብዶ የሚወርድ ነገር ካለ ሁሉም ሰው ያንን ሰዓት ይጠብቃል።

ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ትልቋ ልጁ በዚህ ነገር ከእሱ ጋር እንደተሟገተች ነው። የጓደኞቿ ቤት ያልተገደበ መስመር እንደገባ፣ እነሱ ግን በዘመነ ፈረስ እንደቀሩ ትነግረዋለች። እሱም ያልተገደበ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ያለው ያልተቆጠረ ብቻ እንደሆነ ይመልስላታል። ፊልምን በየጊዜው ከመስመር ላይ ከማየት አንዴ አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ነገ ደግመሽ ልታይው ስትፈልጊ ደግመሽ ትከፍያለሽ ይላታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ስክሪን ይበቃል፤ እያንዳንዱ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ ጥጉን ከያዘ ቤት ሳይሆን የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው።

ስለዚህ ዓርብ ማታ ሁሉም አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ታናሽየዋ ሚጡ ገና ከፊደል ጋር ስለምትታገል ከሥር የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያመልጣታል። የምትተረጉምላት እናቷ ናት። ነገሩ ግን እናቷም ቋንቋውን እምብዛም አታውቀውም፤ በአንድ ትምህርት ቤት ፀሐፊ ናት፣ የምታውቀውም የደብዳቤ ቋንቋ ነው። የጎደላትን ከራሷ ትሞላለች። የፊልሙ መርማሪ ሬሳ ላይ ጎንበስ ብሎ በሐሳብ ሲዋጥ፣ «ወይኔ ጉዴ፣ ጋዙን ሳላጠፋ የወጣሁ መሰለኝ» ታሰኘዋለች። ሚጡ በሳቅ ከሶፋው ትወርዳለች። ትልቋም ስልኳን ሸሸግ እያደረገች ትስቃለች። አባትየው ብቻ ይከፋዋል። የማሽን መመሪያ ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና ቃል በቃል ይገባዋል።

«እንዲህ እኮ አላለም» ይላታል።

«ባይልም ሊል ይገባው ነበር» ትለዋለች፤ ፊልሙም ይቀጥላል።

ሚስቱ ታማ ሕመሟ ሲጠና ሕክምናው ያለው ሌላ ከተማ ነው ተባለ። ታናሽ እህቷ አብራት ሄደች፤ እሱ ከልጆቹ ጋር ቀርቶ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እየሄደ ይጠይቃታል። ከመሄዷ በፊት አልጋ ላይ እንዳይሰለቻት ከጎተራው የምትወዳቸውን ፊልሞች መርጦ ስልኳ ላይ ጫነላት። አንዱ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ የጠፋች ፍየሉን ፍለጋ አገር ለአገር ሲንከራተት የሚያሳይ ነበር፤ ገና አብረው አላዩትም። ከዚያም እንደ ልማዱ ሥርዓት አበጀ። በምስል መደዋወል በሳምንት አንዴ፤ የቀረው በጽሑፍ። በልጆቹ ታብሌት ላይ የሚላክ ድምፅና ምስል በራሱ እንዳይወርድ ዘጋው፤ የፈለገ ቀስቷን ተጭኖ ያውርድ፣ ካልሆነም ርካሹን ሰዓት ይጠብቅ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ «እሺ፣ አባ ሜጋ» ብላ ሳቀች። ንፉግ ሆኖ አልነበረም። መድኃኒቱ፣ አልጋው፣ አውቶቡሱ የሚወስደውን እሱ ሊቀንሰው አይችልም፤ ሜጋውን ግን ይችላል። በዚያ ወራት እጁ ላይ የቀረው ሊቆጣጠረው የሚችል ነገር ያ ብቻ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲገባ ሚጡ ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አገኛት። እናቷ የባቡሩን ሽማግሌ ፊልም ልትነግራት ድምፅ ቀድታ እንደላከችላት፣ የመጀመሪያውን ተጭና እንደሰማችው፣ ሁለተኛውን ስትጫነው ግን ክቧ እየዞረች እንደቀረች ነገረችው። ጥቅሉ አልቋል። ታብሌቱን ተቀብሎ ሲያየው ያልወረዱ ድምፆች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው እስከ ታች ይወርዳሉ፤ ሁሉም ረጃጅም ናቸው። አልተቆጣም። ጠዋት በርካሹ ሰዓት ሁሉንም እንደሚያወርድላትና ዓርብ ከፊልሙ ጋር እንደሚሰሙት ነግሮ ታብሌቱን አነሣው።

ሲመሽ ሚስቱ ጻፈችለት። የላከችውን ከፍተውላት እንደሆነ ጠየቀች። ጠዋት እንደሚያወርደው መለሰላት። ጥቂት ቆይታ ሌላ ጻፈች፦ «እሺ። ሳቀች እንደሆነ ንገረኝ።»

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ስልኩ ጮኸ። ማንቂያው መስሎት ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። የደወለችው ግን የሚስቱ እህት ነበረች፤ ገና አፏን ሳትከፍት ነገሩ ገባው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ቆይቶም ባዶ ሆነ። ታብሌቱ ባትሪው ሞቶ የቁምሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ድምፆቹን አልረሳቸውም። ልብስ ሊያወጣ ቁምሳጥኑን በከፈተ ቁጥር መሳቢያውን ያየዋል። ግን የእሷን ድምፅ ለመስማት ጉልበት አጣ፤ ልጆቹም የሚችሉ አልመሰለውም። ትንሽ እንበርታ፣ ያልተከፈተ ነገር አያልቅም አለ በልቡ። ዓርብ ማታ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም። ትልቋ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች፤ እሱም መናኸሪያ አደረግሽው አይላትም።

ወራት አለፉ። የእህትየዋ ስልክ ተሰብሮ ስለነበር የሚስቱን ስልክ ሊሰጣት ወሰነ። ሥራውን እንደሚገባ ሠራው። ፎቶውንና ቪዲዮውን አንድ ሳይቀር ወደ ጎተራው ገለበጠ። መልእክቶቹ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፤ ለሚጡ የላከቻቸው ድምፆች ተደርድረዋል። እነዚህ ታብሌቱም ላይ አሉ ብሎ አሰበ። በሁለት ቦታ አሉ ማለት ነው፤ አንዱ ቢጠረግ ሌላው አለ። ከዚያ ስልኩን ጠረገው፤ እንደገናም ጠረገው። አዲስ እንደተገዛ አድርጎ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ ሰጣት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሚጡ ቁርስ እየበላች፣ የባቡሩን ሽማግሌ መቼ እንደሚያዩት ጠየቀችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ስለ ፊልም ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚህ ዓርብ አላት። ታብሌቱን አውጥቶ ኃይል ሞላው፤ ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ የመጀመሪያዋን ቀስት ተጫነ። ክቧ ዞረች፤ ቆመችም። ከሥሯ ጽሑፍ መጣ፦ «ይህ ፋይል ከእንግዲህ አይገኝም። ላኪው በድጋሚ እንዲልክልዎ ይጠይቁ።»

ሁለተኛዋን ተጫነ። ሦስተኛዋን። እስከ ታች ድረስ ተጫነ።

ምን እንደሆነ ለመረዳት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ያልተከፈቱት ድምፆች አንድ ቀንም ታብሌቱ ላይ አልነበሩም። እዚያ የነበረው ቀስቱ ብቻ ነው። ድምፁ በመሐል፣ መልእክቱን በሚያስተላልፈው ድርጅት ማሽን ላይ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ያልወሰደው ሰው ሲዘገይ ይጣላል። እውነተኛው ፋይል አንድ ቦታ ብቻ፣ እሷ ስልክ ላይ ነበር። ይህን ጉዳይ ለስንት ሰው ምድር ቤቱ ውስጥ አስረድቷል።

ሥራ አልገባም። ቀጥታ እህትየዋ ቤት ሄደ። ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ የጠፋ ፋይል የሚያወጣውን ፕሮግራም ለቀቀበት። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብህ?» አለችው።

ነገራት። እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ወረደችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያየችውን ተረከችለት። እህቷ በመጨረሻው ሰሞን ጥቂት ከተናገረች ትንፋሿ ይቆረጥ ነበር። ፊልሙን በስልኳ ታያለች፣ ታቆመዋለች፣ የታናሽ እህቷን ስልክ አፏ ላይ አስይዛ እየቀዳች ወደ ራሷ ስልክ ታስተላልፋለች፤ ሲደክማት ታርፋለች፣ ደግሞ ትጀምራለች። ኋላ ሁሉንም ከራሷ ስልክ ላከችው። ለፍየሏ የባለሥልጣን ድምፅ ሰጥታት ስለነበር፣ አንዷ ነርስ መርፌዋን ይዛ፣ ቅጂው እስኪያልቅ ቆማ ሳቀች። ሦስት ቀን ፈጀባት። የመጨረሻውን ስትልክ ደክሟት፣ ግን ደስ ብሏት ነበር።

«እኔ ስልክ ላይ ምንም የለም» አለች እህትየዋ፤ «የኔ ተሰበረ እኮ። በዚያ ላይ እሷ ናት ከኔ አስተላልፋ ያጠፋችው። ‘ቦታ እንዳይዝብሽ’ ብላ። ካንተ ነው የተማረችው።»

ፕሮግራሙ እስኪጨርስ ተቀመጡ። ስልኩ በሚገባ ተጠርጓል። እህትየዋ በቅርቡ ካነሣቻቸው ፎቶዎች በቀር ምንም አልተገኘበትም።

ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ካለው የቴሌኮም ሱቅ ገብቶ ያልተገደበውን መስመር አስገባ። ማታ ለትልቋ ሲነግራት አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ስልኳንም አላነሣችም።

ዓርብ ማታ ሦስቱ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ለሚጡ ነገሩን ባወቀው ልክ ነግሯታል፦ የመጀመሪያው አለ፣ ሌሎቹ ግን ጠፍተዋል፤ ያጠፋውም እሱ ነው። እሷ አላለቀሰችም። «ሁሉም?» ብቻ ነው ያለችው። ታብሌቱን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁማ፣ አባቷ ፊልሙን ሲያስጀምር እሷ ድምፁን ተጫነች።

እናትየው ክፍሉ ውስጥ መናገር ጀመረች። ትንፋሿ አጭር ነው፤ በየመሐሉ ከጀርባዋ የሆስፒታል ጋሪ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ሽማግሌው ከአልጋው ሲነሣ፣ «ኡፍ፣ ጉልበቴ፤ ይቺን ባቡር ስገፋት ነው እንዴ የኖርኩት?» አለችለት። ፍየሏ በበሩ ብቅ ብላ ስትሮጥ በወፍራም ድምፅ፣ «ያለ ቀጠሮ አላነጋግርም» አለች። ሚጡ ሳቀች። ትልቋ ፊቷን ወደ ሶፋው ክንድ አዞረች። ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ የግቢውን በር ከፈተና አንዲት ሴት አገኘ። «እንግዲህ እዚህ ላይ አቁሚው፣ የኔ እመቤት» አለ የእናትየው ድምፅ። «የሚቀጥለውን ክፈቺና አብረን እንሂድ።»

ታብሌቱ ዝም አለ። ፊልሙን ያቆመው ሰው አልነበረም። ሽማግሌውና ሴትዮዋ ሶፋው ላይ ያሉት ሦስቱ በማያውቁት ቋንቋ መነጋገራቸውን ቀጠሉ።

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበ፣ «‘ፍየሌን አይተሻል ወይ’ ይላታል» አለ። «እሷ ደግሞ ‘አሁን በባቡር ጣቢያው በኩል አለፈች’ ትለዋለች።»

ሚጡ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «እንዲህ አላለችም» አለች።

አንድም ቃል አልሳተም። «እና ምን አለች?» አላት ቀስ ብሎ።

ልጅቷ የሴትዮዋን አፍ ትክ ብላ አየች። ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች፤ ሽማግሌውም አብሯት ሳቀ።

«አላውቅም» አለች ሚጡ። «የሚቀጥለው ላይ ነበር።»