ካሴቱ እስኪመጣ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ የከሪም ልጆች እኔ ቤት ምሳ በልተው ሲያበቁ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ክርክር ጀመሩ። የሚወዱት ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ታይቶ ሊያበቃ ነው፤ እቤት ተቀምጠው የሚያዩት መቼ እንደሚለቀቅ ነው ጭቅጭቁ። ታላቂቱ "ከረመዳን በፊት አይለቁትም" ትላለች። ታናሹ "በቅርቡ ነው፤ ሲኒማ ላይ የቆረጡትን ሁሉ ጨምረው ነው የሚያወጡት" ይላታል። ከየት አመጣኸው ስትለው፣ ሰዎች ሲሉ አንብቤ ነው ይላል። ሁለቱም የሚያውቁት ነገር የለም፤ ግን በዓይኑ እንዳየ ሰው ይምላሉ።

ከሪም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣቸው ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ምን ትዝ እንዳለው አውቄያለሁ፤ እኔንም ትዝ ያለኝ እሱው ነው።

ጊዜው የደርግ ዘመን ማብቂያ ግድም ነው። ጅማ ከተማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከአባታችን ጋር ሦስት ሆነን እንኖር ነበር። አባባ በርጩማ የሚጠርቡ አናጢ ስለነበሩ ግቢያችን ሁልጊዜ የዋንዛ ፍቅፋቂ ይሸታል። እናታችን የሞተችው እኔ ድክ ድክ ስል ነው። ከሪም ግን ከእኔ ትንሽ ከፍ ስለሚል ፊቷን አስታውሳለሁ ይል ነበር። ፎቶግራፍ የላትም። አባባ ምስል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ከሚሉት ወገን ነበሩና ከእሷ የቀረን አንድ ሻሽ ብቻ ነው። ስለ እሷ ስንጠይቃቸው "አላህ ይዘንላት" ይሉና መሯቸውን ያነሳሉ። ወሬው በዚያው ያልቃል።

አንድ ቀን ከሪም ከከተማው ሲኒማ ቤት ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ያየው የህንድ ፊልም ነው፤ በጎርፍ የተለያዩ ሁለት ወንድማማቾች ታሪክ።

"ረሂማ፣ ፊልሙ ውስጥ ገበያ አለ" አለኝ። "ታናሽየው እየሮጠ ሲያልፍ አንዲት አምባር ሻጭ ዞር ብላ ትስቃለች። ወላሂ እማማን ነው የምትመስለው።"

ደጋግሞ ሄዶ አየው። እኔን ለመውሰድ አባባን ሲለማመጥ ሰንብቶ ሲፈቀድለት ፊልሙ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም የቀረን ተስፋ ካሴት ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ሙዘይን ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጅዳ ያለች እህታቸው ቪዲዮ ማጫወቻ ልካላቸው ሳሎናቸውን ፊልም ማያ አድርገውታል። ቪዲዮ ደግሞ ይቆማል። ሲኒማ ቤት አልፋ የሄደችው ሴት፣ ጋሽ ሙዘይን ቤት አንድ ቁልፍ ቢጫኑ ባለችበት ቆማ ትጠብቀናለች። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ካሴቶቹን የሚያመጡት ጋሽ በየነ የሚባሉ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የአባባ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ነበሩ። ከጅማ ቡና ጭነው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ከጨውና ከሳሙናው ጋር ከመርካቶ ካሴት ይዘው ይመጣሉ። ምን እንደሚያመጡ ግን እሳቸውም አያውቁም። ስለዚህ መገመት የኛ ሥራ ሆነ። ከሪምና ጓደኛው ተስፋዬ ከሰዓት በኋላ አባባ ግቢ ያልተጠረበ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ የተቀቀለ በቆሎ እየጋጡ ይከራከራሉ። ተስፋዬ ከጎጃም መጥቶ እርሻ ኮሌጅ የሚማር፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር።

"ፊልሙ በየክፍለ ሀገሩ ዞሮ ሲያረጅ ነው ወደ ካሴት የሚገለብጡት" ይላል ከሪም። "አሁን ነቀምት ደርሷል። ለመስቀል እዚህ ነው።"

"ነቀምት የደረሰውና ጅዳ የሚሸጠው ምን አገናኛቸው?" ይላል ተስፋዬ። "እዚያ ካሴቱ ወጥቶ ይሆናል። የሚያመጣው ሰው ነው የጠፋው። ሐጅ የሄዱት ሲመለሱ ጠብቅ።"

"ተው አቦ፣ ሐጅ የሄደ ሰው የህንድ ዘፈን ይዞ ይመጣል?"

እኔ ልብስ እያጠብኩ እሰማቸዋለሁ። አባባም እየጠረቡ ይሰማሉ። ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዘመን ስለሚመጣው ነገር ጮክ ብለን የምናወራው ይህን ብቻ ነበር። ስለሌላው ነገር ሰው ሁሉ የሚያወራው በሹክሹክታ ነበር። የማን ልጅ ተወሰደ፣ የማን ልጅ ሞቱ ተረዳ፣ የትኛው ቀበሌ ሊታፈስ ነው። ካሴት መቼ ይመጣል ብሎ የጠየቀን ግን ማንም አይከሰውም።

ቀበሌው ወጣቶችን ለብሔራዊ ውትድርና መሰብሰብ ሲጀምር አባባ ከሪምን ደዶ ገጠር ካለው አጎታችን ዘንድ ላኩት። ክረምቱን እዚያ ገብስና ድንች ሲኮተኩት ከረመ። መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ አንድ እሑድ፣ ድንች የጫነ መኪና ላይ ተቀምጦ ከተፍ አለ። ጋሽ በየነ አዳዲስ ካሴት ይዘው መግባታቸውን ደዶ ገበያ ሰምቶ ነው። አባባ ሲያዩት መሮው ከእጃቸው ወደቀ።

"ዛሬውኑ ትመለሳለህ" አሉት።

"ዛሬውኑ እመለሳለሁ አባባ።"

ከዐስር ሶላት በኋላ ከሪም፣ ተስፋዬና እኔ ጋሽ ሙዘይን ቤት ገባን። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ተጠጋግተናል። የመጣው የኛ ፊልም አልነበረም። ከሪም ቅር ቢለውም ተቀምጦ ማየት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተበርግዶ የውጭው ብርሃን ሲገባ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ነጣ።

"ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ" አለ ጠመንጃ የያዘ ሰው።

ሴቶቹን አስወጡን። ካሴቱን ለማጥፋት ያሰበ ሰው ስላልነበረ፣ ወንዶቹን ሁለት ሁለት አድርገው ሲያወጧቸው ከውስጥ ዘፈን ይሰማ ነበር። ከሪም በአጠገቤ ሲያልፍ ሊናገረኝ አፉን ከፈተ፤ ገፋ አደረጉት።

ያሰሯቸው ጀንፈል ቡና የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ነው። ተስፋዬ የኮሌጅ መታወቂያው ተጣርቶ በማግሥቱ ተለቀቀ። በቀጥታ ቤታችን መጣና አባባ ፊት ቆመ። መቀመጥ አልቻለም።

"እኔ ወጣሁ አባባ" አለ።

"እንኳን ወጣህ ልጄ። የአንዷ እናት ልጅ ከተረፈ እሱም ትልቅ ነገር ነው" አሉት። ከዚያ ወባቸው ተነስቶባቸው ተኙ።

ለከሪም ምሳ የማመላልሰው እኔ ሆንኩ። አንድ ቀን ጋሽ በየነ መጥተው ልጆቹ በነጋታው ወደ ጦር ማሠልጠኛ እንደሚጫኑ፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለችው አሰንዳቦም ለቁርስ እንደሚቆሙ ነገሩን። እሳቸውም ቡና ጭነው በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። አባባ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው "ውሰዷት፤ ስንቅ ታቀብለው" አሏቸው። ጨጨብሳ ሠርቼ በጨርቅ ጠቀለልኩ፤ የአባባን ጋቢም ያዝኩ።

አሰንዳቦ ስንደርስ መኪኖቹ መንገድ ዳር ተደርድረው ልጆቹ ወርደው ነበር። ጠዋቱ ብርዳም ነው። በየሻይ ቤቱ በራፍ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ይበላሉ። ጠባቂዎቹም ርቧቸው ስለነበር ዓይናቸው ብርጭቋቸው ላይ ነው። ከሪም ጋቢውን ተቀብሎኝ አሸተተው። የአባባን ሁኔታ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ጋሽ በየነ ሲጋራ የሚለኩሱ መስለው ተጠጉንና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከጆንያዎቹ መሀል ቦታ ትቻለሁ። መኪናዬ ያው ከጀርባህ ነው። ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው ዞር በል፤ ሸራውን እኔ አለብስሃለሁ። ማታ አዲስ አበባ ነህ።"

ከሪም ዞሮ መኪናውን አየው። ጥቂት እርምጃ ነው። እኔ በሆዴ ሂድ፣ ሂድ እለዋለሁ። አይቶ ሲያበቃ ፊቱን መለሰ።

"አባባስ?" አለ።

"እሳቸውን አላህ ያውቅላቸዋል" አሉ ጋሽ በየነ።

"ደዶ አንድ ልጅ ጠፍቶ አባቱን ሲያስሩ አይቻለሁ ጋሽ በየነ። ሽማግሌ ናቸው፤ ልጁ እስኪመጣ ብለው አቆዩአቸው። አባባ ደግሞ ወባ ላይ ናቸው፤ እስር ቤት አይችሉም። እርስዎንም ቢይዙዎትስ?"

ጋሽ በየነ ሲጋራቸውን ሳይለኩሱት ወደ ኪሳቸው መለሱት። ከሪም ክንዴን ያዘኝ።

"ይህን ለአባባ እንዳትነግሪያቸው። ማምለጥ ይችል ነበር ከሚሉ፣ በግድ ወሰዱት ብለው ቢያዝኑ ይሻላል። ካሴቱ ከመጣ ደግሞ እሳቸውን ይዘሻቸው ሂጂ። መምሰል አለመምሰሏን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።"

ፊሽካ ተነፋ። "ናጋቲ" ብሎኝ፣ ደህና ሁኚ ማለቱ ነው፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሄደ። እኔም በሚመለስ መኪና ጅማ ገባሁ። አባባ "በላ ወይ?" አሉኝ። በላ አልኳቸው።

ካሴቱ የመጣው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ተስፋዬ ትምህርቱን ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር፤ ዜናውን የነገረን እሱ ነው። "እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚያ ቤት አልገባም" አለ። አባባን ስጠይቃቸው እሺ የሚሉ አልመሰለኝም ነበር፤ እሳቸው ግን ዱላቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ጋሽ ሙዘይን ሌላ ሰው ሳያስገቡ ለሁለታችን ብቻ ከፈቱልን። ገበያው ደረሰ። ታናሽየው ሮጠ፤ ሴትዮዋ ዞር ብላ ሳቀች፤ ጋሽ ሙዘይን አቆሙት። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ነጭ መስመር እየቆረጠው ቆመ።

አባባ ተነስተው ቀረብ አሉ። ብዙ አዩዋት።

"ኢሼ ሚቲ" አሉ። እሷ አይደለችም ማለታቸው ነው።

"ትንሽም አትመስልም?" አልኳቸው።

"ምንም አትመስላትም።" ተመልሰው ተቀመጡና፣ ለማንም የሚናገሩ ሳይመስሉ ቀጠሉ። "እሷ ጠይም ነበረች፤ ፊቷ ረዘም ያለ። እንዲህ ጥርሷን አሳይታ አትስቅም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ጨው አትወድም ነበር። ልጁ ሲያለቅስ እሷም አብራ ታለቅስ ነበር። ከሪም እንዴት ይወቃት? ሕፃን ነበር። ማንም ሴት ስትስቅ እናቱ ትመስለዋለች።"

እንዲህ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ጋሽ ሙዘይን ቴሌቪዥኑን አጠፉት፤ አባባ ግን ማውራታቸውን አላቆሙም። ሁለታችንም አለቀስን። የጨነቀኝ ይህን ሁሉ ለከሪም የምነግርበት ቀን ይመጣ ይሆን የሚለው ነበር።

መጣ። መንግሥት ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ ፈስሶ ወደየአገሩ ሲጓዝ፣ ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ የደበደበው ሰው በራችን ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያወቁት አባባ ናቸው። እግሩን ራሳቸው አጠቡት፤ ግራውን ሲነኩት ጥርሱን ነከሰ። ስለ ውጊያው አልጠየቁትም፤ እሱም አልነገራቸውም። እማማን ግን እስኪሞቱ ድረስ አወሩለት። ተስፋዬ ያን ጊዜ ሥራ ይዞ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር፤ የከሪምን መትረፍ ሲሰማ መጥቶ ከእኛ ጋር ሰነበተ።

አባባ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የአሰንዳቦውን ነገር ሳይሰሙ ነው የሄዱት። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ክርክራቸውን ይዘው ወደ ውጭ ሲወጡ፣ እስከ ዛሬ ያልደፈርኩትን ጠየቅሁት።

"ከሪም፣ ያን ቀን መኪናው ላይ ባለመውጣትህ ተጸጽተህ ታውቃለህ?"

"ተጸጽቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው" አለ። "እዚያ ሆኜ ብዙ ቀን ተጸጽቻለሁ። ከጎኔ የነበሩት ሲያልቁ፣ ምን ነበር ያን ጊዜ ዞር ብል እያልኩ። ግን በእኔ የተነሳ አባባ ላይ ማንም የእስር ቤት በር አልዘጋባቸውም።"

ልጻፈው ወይ ብዬ ብጠይቀው "አሁን ጻፊው፤ የምንደብቀው ሰው የለም" አለኝ። ትልልቅ ውሳኔ የሚያደርጉ ሰዎች እንደሚጸኑበት እሰማ ነበር። ወንድሜ አልጸናም፤ ሲጸጸት፣ ሲመለስበት፣ ደግሞ ሲጸጸት ነው የኖረው። እኔ ያን ቀን ሂድ እያልኩት ነበር፤ ቢሄድ ኖሮ ደግሞ አባባ ምን ይሆኑ እንደነበር አላውቅም። ከሪም ግራ እግሩን እየጎተተ ለዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወደ ጓሮ ወጣ፤ እኔም ውሃውን አቀበልኩት።