ተኝተው የሚያዩት ሥዕል

ጋሽ መሰላል ያሏቸው የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። ቁመተ ረጅም ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውንም የሰው ቤት ሲቀቡ ከመሰላል ወርደው አያውቁም። ሥዕል የጀመሩት ግን ባለቤታቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ ነው። ባለቤታቸው አንገታቸውን ቀና ማድረግ አይችሉም፤ በጀርባቸው ተንጋለው ኮርኒስ ሲያዩ ይውላሉ።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ኮርኒስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ለስንጥቁ ሁሉ ስም አውጥቻለሁ" አሏቸው አንድ ቀን።

ጋሽ መሰላል ከሥራ በተረፈ ቀለም የሰፈሩን መንገድ ስስ ጣውላ ላይ ሣሉና ከአልጋው በላይ ቸነከሩት። ቀጥሎ የገበያውን በር፣ ቀጥሎ የልጃቸውን ትምህርት ቤት። ባለቤታቸው ስህተት አይምሩም። "የጎረቤታችንን አጥር ምነው አቆነጀኸው? ዘመም ያለ አልነበር እንዴ?" ይላሉ። ጋሽ መሰላልም አውርደው ያዘምሙታል።

ልጃቸው ሥዕሎቹን ፎቶ አንስታ ለአንድ የሥዕል ኤግዚቢሽን አዘጋጅ አሳየችው፤ ወደዳቸው። ጠቡ የመጣው ኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቀሉ ሲሉ ነው።

"ጋሼ፣ በሩ ፊት ለፊት ጥሩ ግድግዳ ይዤልዎታለሁ" አለ አዘጋጁ፣ ገና ለጋ ወጣት ነው።

"ግድግዳ አይሆንም። ከላይ ነው የሚሰቀሉት።"

"ማን አንጋጦ ያያል?"

"ማንጋጠጥ ምን አመጣው? ይተኛሉ።"

ሌሎቹ ሠዓሊዎች ሳቁ። "ብርድ ልብስ ይዘን እንምጣ?" አለ አንዱ።

"ይዘህ ና። ብቻ እንዳታንኮራፋ" አሉት።

አዘጋጁ ግን ኮስተር አለ። "ወይ ግድግዳው ላይ፣ ወይ ይዘዋቸው ይሂዱ።"

ልጃቸው በክንዳቸው ጎተተቻቸው። "አባዬ፣ እማዬ እንደምትመጣ ንገረው እንጂ! ግድግዳ ላይ ከሆነ አታይም በለው።"

"አልልም። ለበሽተኛ አዝኖ ከፈቀደልኝ ምጽዋት ነው። ሥዕሉ የተሠራው ተኝተው እንዲያዩት ነው፤ በቃ።"

የሥራ እንጨታቸውን በጋሪ አስመጡ። አዳራሹ ጥግ ላይ አራት ምሰሶ አቁመው በላዩ እንጨት ረበረቡ፤ ሥዕሎቹን ፊታቸውን ወደ ታች አድርገው አሰሯቸው፤ ከሥር ፍራሽ አነጠፉ። አዘጋጁ ምሰሶውን ነቀነቀው። ንቅንቅ የለም።

"ኮርኒስህን አልነካሁ፣ ግድግዳህን አልወሰድኩ። አሁንስ ምን ቀረህ?"

አዘጋጁ ራሱን አከከ። "ነገ ሰው ካልተኛበት ግን ይፈርሳል።"

"ሰው ካልተኛበት እኔው አፈርሰዋለሁ።"

በማግስቱ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ፤ እንግዳው ሁሉ ጎንበስ እያለ፣ አጮልቆ እያየ አለፈ። ሽክ ብሎ ለብሶ ማን ፍራሽ ላይ ይጋደማል? ጋሽ መሰላል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ምሰሶው ሥር ቆሙ፤ ፈቀቅ አላሉም።

ከቀትር በኋላ ልጃቸው እናቷን በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች ደረሰች። ደግፈው ፍራሹ ላይ አስተኟቸው። ባለቤታቸው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ።

"አንተ! ገበያውን ከትምህርት ቤቱ ወዲያ ማዶ ወስደህ ሰቀልከው? በዚህ መንገድ ብሄድ እኮ እጠፋለሁ!" ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ሳቁን የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ። አዘጋጁ ነገሩ ገባው።

"ጋሼ፣ ለእሳቸው መሆኑን ቢነግሩኝ መች እከለክልዎት ነበር?"

"አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ያልነገርኩህ።"

አዘጋጁ ጫማውን አውልቆ ከባለቤታቸው ጎን ተጋደመ።

"ቤቶቹ ተዘቅዝቀዋል እኮ!" አለ።

"የተዘቀዘቅከው አንተ ነህ ልጄ! ራስህን በእኔ በኩል አድርግ" አሉት ባለቤታቸው።

ዞሮ ተኛ። ከኋላው አንዲት ዘናጭ ወይዘሮ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

"ጠጋ በል እንግዲህ፣ ሰው መጣ" አሉት ጋሽ መሰላል።