ጥማድ ካልሆነ በሬ አልሰጥም

ከስማዳ የወጣሁ ሌሊት ባለቤቴ ይርገዱ አላለቀሰችም። ወገዳ ድረስ ሸኝታኝ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ከጎኔ ተቀምጣ፣ «ሂድና እያት፤ እኔ የበጋውን ሥራ ልጨርስና እከተልሃለሁ» አለችኝ። እያት ያለችኝ ልጃችንን አልማዝን ነው። ጀርመን አገር ነርስ ሆናለች፤ ሳታረጁ ኑልኝ ብላ ነው የጠራችን። እኔ አርጅቻለሁ፣ ግን አያስታውቅብኝም።

የያዝኩት በሶና ከጃንጥላ ሽቦ የሠራሁት ኪሮሽ ነበር። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሹ ኪሮሹን አነሳና አየው።

«አባት፣ ይህ ሹል ነገር ምንድን ነው?»

«ኪሮሽ።»

«የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ወንድ ሆነው?»

«የስማዳ ካህናት ራስ ላይ ያለው ቆብ የማን እጅ ሥራ መሰለህ?»

ኪሮሹን ወሰደ፣ በሶውን መለሰልኝ።

በሙያዬ አልታማም። ፊደል የለየሁትም ኪሮሽ የያዝኩትም ያለ አስተማሪ ነው። በልጅነቴ የአብነት ተማሪዎች የበግ ጠጉር ፈትለው ቆብ ሲሠሩ በአጥር አሻግሬ አየሁና ቤቴ ገብቼ ሠራሁት፤ ከእነሱ ይልቅ የእኔው ጠበቀ። ውኃ ቢቀዱበት አያፈስም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ጀርመን ይበርዳል ይላሉ። ብርድስ ጋይንትም አለ፤ የጋይንት ውርጭ ግን ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የዚህ አገር ፀሐይ ራሷ በርዷት ነው የምትወጣው። እንጀራቸው ብሮት ይባላል፣ ጠርዙ ለማረሻ ይሆናል። ደረጃ ላይ ያገኘኸው ሰው «ሃሎ» ብሎህ ያልፋል። እኛ ዘንድ የላሟ ደህንነት እንኳ ሳይጠየቅ ማን ይተላለፋል?

አልማዝ ሥራ ስትውል እኔ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። የልጅ ልጄ ሶፊ አማርኛ አትችልም፤ ሳያት በር ኋላ ትደበቃለች። አንድ ቀን ነፋስ የሰበረው ጃንጥላ መንገድ ዳር ተጥሎ አገኘሁና ከሽቦው ኪሮሽ አወጣሁ። አልማዝ በገዛችልኝ የበግ ጠጉር ክር ቆብ ልጀምርላት ስል አሰብኩት፤ ቆብ ገልብጠህ አፉን ከዘጋኸው የበግ ሆድ ነው። እግርና ጆሮ ቀጠልኩለት፣ ውስጡን በትርፍራፊው ክር ጠቀጠቅኩት። ሶፊ ከበሩ ኋላ ወጥታ በጉን ወሰደችና ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አህያ ሆነ፣ ፍየል ሆነ፣ ዶሮ ሆነ። ማንም አላሳየኝም።

በሬ ግን ሁልጊዜ ሁለት አድርጌ ነው የምሠራው። አንገታቸው ላይ ከአይስክሬም እንጨት ቀንበር እጭናለሁ።

የቤቱ ባለቤት ፍራው ሄልጋ፣ በእኛ ወይዘሮ ሄልጋ፣ የምትባል፣ ምድር ቤት ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ይርገዱ እንድትመጣ ሰው መጨመሩን እሷ መፍቀድ ነበረባት፤ ቤቱ ጠባብ ነው እያለች ዘግይታብናለች። ማሞቂያውን ልታይ የገባች ቀን መስኮቱ ላይ ያቆምኳቸውን ጥቁርና ቀይ በሬዎች አየች።

«ጥቁሩን ልውሰደው?» አለች፤ አልማዝ ተረጎመችልኝ።

«ሁለቱንም ትውሰድ።»

«አንድ ይበቃኛል።»

«አንድ በሬ አልሰጥም።»

አልማዝ ይህን አልተረጎመችም። «አባባ፣ እባክዎ፤ የእማዬ ነገር በእሷ እጅ ነው።»

«አንድ በሬ ምን ያርሳል? ንገሪያት።»

«አሻንጉሊት እኮ ነው።»

«የእኔ አሻንጉሊት ያርሳል።»

አልማዝ ስትነግራት ፍራው ሄልጋ የተበላሸ ማሞቂያ እንደሚያዩት አየችኝ። «መደርደሪያዬ ጠባብ ነው» አለች።

«ቤቱም ጠባብ፣ መደርደሪያውም ጠባብ» አልኩ። ሴትዮዋ ስትወጣ ልጄ ማድ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ግትር ነው እንዳትሉኝ መፍትሔውም ከእኔው ነው የመጣው። እኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ጾሙን አያድርም፤ እንደሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ይቀናጃል። ሁለቱን በሬዎች ጠምደው አንዴ የዚህን ማሳ፣ አንዴ የዚያን ያርሳሉ። መቀናጆ ማለት ይህ ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ደግሞ ኸር ኩርት፣ አቶ ኩርት እንደማለት፣ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ደረጃ በማጠብ ተጣልተው ከፍራው ሄልጋ ጋር አይነጋገሩም። ቀዩን በሬ ለእሱ ሰጠሁ፣ ጥቁሩን ለእሷ ይዤ ወረድኩ።

«አጣማጁ ፎቅ ላይ ነው። እርሻ ሲደርስ ታገናኟቸዋላችሁ» አልኳት በአልማዝ አፍ።

በሬውን አገላብጣ አየች። «እርሻው መቼ ነው?»

«እኛ ዘንድ ሰኔ ነው።»

ሰኔ ሲገባ ኸር ኩርት ቀዩን በሬ በብብቱ ይዞ ወረደና በሯን አንኳኳ። ምን እንደተባባሉ አላወቅኩም፤ ጀርመንኛውን ገና በራሴ እየተማርኩት ነው። በማግሥቱ ግን ፍራው ሄልጋ መጥታ «ሚስቱ ትምጣ» ብላ ፈረመች። አልማዝ እጄን ሳመችኝ።

ያን ቀን ከሰዓት ይርገዱ ዘንድ ደወልኩ።

«ተፈቀደልሽ» አልኳት።

«እሰየው» አለች። «ሕፃኗ ተላመደችህ?»

«ከጭኔ አትወርድም።»

«ጎበዝ ነህ።»

«መቼ ትመጫለሽ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ደመናው እኮ ወርዷል። አንዱ ለመንገድህ ከተሸጠ ወዲህ የቀረው በሬያችን ከጎረቤታችን ከአያ ጥላሁን በሬ ጋር ተቀናጅቶ የላይኛውን ማሳ ጀምሯል። አሁን ሸጬው ብመጣ እሱ በምን ያርሳል?»

«ሌላ ይፈልጋ።»

«ሁሉም ተቀናጅቶ አልቋል።»

«ከመኸር በኋላስ?»

«ከመኸር በኋላ ደግሞ አየዋለሁ» አለችና፣ «ቆይ፣ ዝናብ መጣ፤ ስጡን ላስገባ» ብላ ስልኩን ሳትዘጋ አስቀምጣው ሄደች።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ሶፊ ምን እንደምሰማ በምልክት ብትጠይቀኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ጥቂት አዳምጣ ስልኩን መለሰችልኝ። ይርገዱ እስክትመለስ ይዤው ቆየሁ።