ሳልነፋ የገዛሁት የውሃ ከረጢት

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አስራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር ካለ ሱቅ፣ በጀርባ ታዝሎ በቱቦ የሚጠጣበት የውሃ ከረጢት ገዛሁ። ለብስክሌትም ለተራራ ጉዞም ይሆነኛል ብዬ ከሁሉም ረከስ ያለውን መረጥኩ። «አያፈስም አይደል?» ስለው ባለሱቁ «ኦርጅናል ነው ባክህ!» ብሎ ተቆጣኝ።

በማግስቱ በብስክሌት አስኮን ሳልፍ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ላብ መሰለኝ። ሳንሱሲ ታክሲ ተራ ስደርስ ግን ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዓይኑን ተከለብኝ። አንዲት እናት ጠጋ ብለው «አይዞህ ልጄ፣ ሽንት ቤት እዚያ ጋ አለ» አሉኝ። በንዴት ጦፍኩ።

ቤት ገብቼ ባለሱቁን እየረገምኩ ከረጢቱን እናቴ ፊት ወረወርኩት። አነሳችና በቱቦው ነፋችው። አየሩ በመጋጠሚያው በኩል ፍስስ ብሎ ወጣ።

«ጀሪካን እንኳን ሳትነፋ አትገዛም፤ ይሄን ምን ሆነህ ሳትነፋ ገዛኸው?» አለችኝ።

የፈረንጅ ዕቃ እንደ ጀሪካን ስነፋ ሰው እንዳያየኝ አፍሬ ነው። ሳንሱሲ ላይ ግን ያላየኝ ሰው የለም።