ሸፍኜ ያቃጠልሁት ማሽን

ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም። ያ ማሽን ምን እንደሚሠራ ግን አውቃለሁ፤ ልጄ አስረድታኛለች። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ጽዳት ነኝ። እሷ እዚያው ኮምፒውተር ክፍል ለስድስት ወር በሙከራ ተቀጠረች። ስድስቱ ወር በደህና ካለቀ ቋሚ ትሆናለች።

የግቢው የኢንተርኔት መስመር ቀጭን ነበር። «እማ፣ አንዱ መምህር የከፈተውን ገጽ ይህ ሰርቨር ያስቀምጠዋል። ሌላው ሲፈልገው ከሩቅ ሳያስመጣ ከዚሁ ይሰጠዋል» አለችኝ።

«ጎተራ ነው በይኛ!»

«ጎተራስ ሲበሉበት ይጎድላል፤ ይሄ አይጎድልም» ብላ ሳቀች።

ማሽኑ ወለል ላይ ነበር የተቀመጠው። የአዘዞ መንገድ አቧራ በመስኮት እየገባ ያለብሰዋል። አንድ ዓርብ ማታ ስጠርግ አሳዘነኝ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዳንቴል ለብሶ ነው የሚቀመጠው፤ ራቁቱን የተተወ ዕቃ ባለቤት የሌለው ይመስላል። የልጄ ዕቃ ነው ብዬ፣ ወፍራም ገበር የሰፋሁበትን ዳንቴሌን አምጥቼ ዙሪያውን ሸፈንሁት።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ማሽኑ ታፍኖ፣ ግሎ፣ ሞቷል። መምህራኑ ደጁ ላይ ይጮኻሉ። ኃላፊው ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ማነው ይህን የደረበበት?» አለ።

ቤት ሁለት ታናናሾቿ አሉ፤ አባት የላቸውም፤ እኔ ከሥራ ከተባረርሁ ማን ያበላቸዋል? መጥረጊያዬን ይዤ ወደ ወለሉ አቀረቀርሁ። ልጄ አየችኝ። ወደ ኃላፊው ዞራ «እኔ ነኝ» አለች።

አራት ቀን ሙሉ ከዚያ ክፍል አልወጣችም። ከሁለት የሞቱ ኮምፒውተሮች ሃርድ ዲስክ ፈትታ አወጣች፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲሠራ አድርጋ ገጠመቻቸው። ማሽኑን ከወለል አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አወጣችው፤ ተጨማሪ ማራገቢያ አሰረችለት። ማንም የማይፈልገውን የቆየ ገጽ ራሱ እየጣለ ለአዲሱ ቦታ እንዲያስለቅቅም አደረገችው። ከድሮው በእጥፍ ፈጠነ።

«ሸጋ ነው! ምነው ቀደም ብሎ በተቃጠለ!» ብሎ አንዱ መምህር ቀለደ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያ ሳቄ እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ስድስቱ ወር አለቀ። ደብዳቤው መጣ፦ በቸልተኝነት ንብረት ስላበላሹ ቋሚ መሆን አይችሉም።

ያን ጊዜ ሮጥሁ። ኃላፊው ፊት ቆሜ «እኔ ነኝ የሸፈንሁት የኔ ጌታ፤ ዳንቴሉም የእጄ ሥራ ነው» አልሁ።

መነጽሩን አወለቀ። «የእናት አንጀት ነው እትዬ፤ ይገባኛል» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ግን እሷ ራሷ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ፈርማለች። እርስዎ ሥራዎን ይቀጥሉ።»

እውነቱን ስነግረው ለልጄ ስል የዋሸሁ መሰለው።

ቤት ስገባ ልብሷን በቦርሳ ትከታለች። ሄጄ መናገሬን ነገርኋት።

«አሁን?» አለች።

«ለታናናሾችሽ ስል ነው ዝም ያልሁት።»

«ያን ሰኞ እኔ ነኝ ስል፣ አንቺ ‹እሷ አይደለችም› ትያለሽ ብዬ ነበር። ጠበቅሁሽ እማ።»

በማግሥቱ ከጎንደር ወጣ ብላ ወዳለችው ጠዳ ሄዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠረች። እኔ አሁንም ያን ክፍል እጠርጋለሁ። ልጄ ከጠገነችው ወዲህ ማሽኑ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። መምህራኑ ሲያመሰግኑት ስሰማ ሳልጨርስ እወጣለሁ።