ከደዶ በካሴት የመጣ ትንፋሽ

ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ጭጋጉ ገና መስኮቱ ላይ ተኝቷል። ጭኔ ላይ የትምህርት ቤታችን መቅረጫ፣ በውስጡም አንድ የስልሳ ደቂቃ ካሴት አለ። የአንደኛ ዓመት የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። የታዘዝኩት ከቡና አገር ድምፆች ቀርጬ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ትልቅ የጥቅል ቴፕ ገልብጬ፣ በምላጭ እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ የሦስት ደቂቃ ሙዚቃ እንድሠራ ነው። መምህሬ «የሰው ድምፅ እንዳይገባበት» ብለዋል። ካሴቱም በኋላ ተደምስሶ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።

ጊቤ ቁልቁለት ላይ ረዳቱ፣ «እህቴ፣ ሬዲዮ ታቅፎ ዝም ይባላል?» አለኝ። መቅረጫ መሆኑን ስነግረው ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ «ጋሼ፣ ጥሩንባውን! ልንቀረጽ ነው!»

መቅረጫውን ከፈትኩት፤ ጥሩንባው ገደሉ ውስጥ ሄዶ ሄዶ ተመለሰ።

ዓርብ፣ ጅማ

ጅሬን ኮረብታ ላይ ደመና ተጋድሟል። ከቦሳ ኪቶ ቀበሌ የፈቃድ ወረቀት ይዤ አንድ የቡና መጋዘን ገባሁ። ሴቶች ቡና ይለቅማሉ፤ ፍሬው ከእጃቸው ሰፌድ ላይ ሲወርድ የሩቅ ዝናብ ይመስላል። ጥቂት እንደቀረጽኩ ዝናቡ ቆመ። አንዷ ወደ መቅረጫው ጎንበስ ብላ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ አከም ጅርቱ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች?» አለች። ሌሎቹም ተራ በተራ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት ጠየቁ።

«እባካችሁ፣ የቡናውን ድምፅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ሰላም ሳንል? ምን ዓይነት ባለጌዎች ናቸው አይሉንም?»

ሳቁ። ካሴቱ ግን እየሄደ ነበር።

ቅዳሜ፣ ደዶ

ሰላምታው የካሴቱን ሁለቱንም ገጽ በልቶት፣ ለቡና መፈልፈያው የቀረኝ አንድ ደቂቃ ያህል ነው። ሞተሩ እስኪነሳ ስጠብቅ አንዲት እናት ቀረቡ። ሃዳ ሰዒድ፣ የሰዒድ እናት ይሏቸዋል። ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዷል። መቅረጫውን በሁለት እጃቸው ያዙና ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

«ኢልመ ኮ...»

የመፈልፈያው ሠራተኛ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፦ «ልጄ፣ ቡናው ቀልቷል። በሩን አስጠገንኩት፤ አሁን አይጮኽም። ስትመጣ ጥራኝ፣ አለዚያ አልሰማህም።»

ካሴቱ ቀጭ ብሎ አለቀ። ሞተሩ የተነሳው ያኔ ነው፤ ደዶ ድረስ የመጣሁለት ድምፅ።

«ወደ ኋላ መልሺና እላዩ ላይ ቅጂ እንጂ!» አለ ሠራተኛው።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። ሃዳ ሰዒድ የልጃቸው አድራሻ ያለበትን ፖስታ ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጡኝ። «ይደርሰዋል አይደል?»

«ይደርሰዋል» አልኩ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

መምህሬ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«የሰው ድምፅ አይግባ አልኩሽ እኮ።»

«አዎ፣ መምህር። ይቅርታ። ግን... ካሴቱ ባይደመሰስስ?»

የሃዳ ሰዒድን ነገር ነገርኳቸው። ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ትናንሽ ፕላስቲኮች በእስክሪብቶ ጫፍ ሰበሯቸው። ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም።

ሙዚቃዬ በጥሩንባ ይጀምራል፤ ከዚያ ዝናብ የመሰለው ቡና ይወርዳል። መጨረሻው ሃዳ ሰዒድ ከመናገራቸው በፊት የሳቡት ትንፋሽ ነው። ቃል የለበትም። ቃሉ ከነካሴቱ በፖስታ ወደ ሰሜን እየሄደ ነው።